ከጋሼ ጋር ወደ ሜምፊስ

ጋሼ መኪናውን የማይለውጠው በካሴት ማጫወቻው ምክንያት ነው። ሞተሩ ዘይት ይጠጣል፣ የኋላው በር ከውስጥ አይከፈትም፣ ሚስቱ እትዬም በዚህች መኪና ቤተ ክርስቲያን ደጅ መውረድ አሳፍሯት በሰው መኪና መሄድ ከጀመረች ቆየች። እሱ ግን ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣቸው ካሴቶች የሚሰሙበት ሌላ ቦታ በናሽቪል ከተማ የለም ባይ ነው። ማጫወቻው ራሱ አርጅቷል። ውስጡ ያለችው የጎማ ቀበቶ ስለላላች ካሴቱ ከልኩ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ቀስ ሲል ድምፁ ይወፍራል። ጥላሁን ገሠሠ ዘጠና ዓመት ሞልቶት፣ ገና ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ይዘፍናል። ሴት ዘፋኞቹ በሙሉ ወንድ ሆነዋል። ጋሼ ከመልመዱ የተነሳ ሌላ ቦታ ዘፈኑን በትክክለኛ ፍጥነቱ ሲሰማ «ምን አሯሯጠው?» ይላል።

«ዳዲ፣ ይሄ እኮ ሂዩስተን ውስጥ ራሱን የቻለ ሙዚቃ ነው» አለ ልጁ ከኋላ ወንበር።

እውነቱን ነው። ዲጄ ስክሩ የሚሉት የሂዩስተን ሰው በ1990ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የራፕ ሸክላዎችን እያዘገየ፣ እየቆራረጠና እየደጋገመ በካሴት ይቀዳ ነበር። ካሴቱን ለመግዛት ደጃፉ ላይ የሚሰለፉት መኪኖች ከመብዛታቸው የተነሳ ፖሊስ ዕፅ የሚሸጥ መስሎት ነበር ይባላል። ሰውዬው በ2000 ሞተ፤ ያ የተጎተተ ድምፅ ግን በስሙ ተጠርቶ፣ ከቴክሳስ አልፎ በአገሩ ሁሉ ተሰራጨ።

ጋሼ በመስተዋቱ አየውና «ታዲያ እኔ በነጻ ነዋ የምሰማው!» አለ።

በአውራ ጎዳና 40 ወደ ምዕራብ የምንነዳው አንድ ክርክር ዳኛ አጥቶ ነው። የጋሼ ትልቋ ልጅ ልታገባ ነው። ጋሼ በወጣትነቱ የከፍተኛ ኪነት ዘፋኝ ነበርና ለሰርጓ በራሱ ድምፅ ትዝታ ሊያስቀዳ አሰበ። ስቱዲዮ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም፤ ትንሹ ልጁ መኝታ ቤቱን በእትዬ ጋቢና በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ አንድ ማይክና አንድ ኮምፒውተር ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ቢት ሲሠራ የሚያድር ጎረምሳ ነው። እኔ ለሰርጉ ሽር ጉድ ከዋሽንግተን መጥቼ ነበርና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ታዘብኩ።

ጋሼ ዘፈነ። ድምፁ ሻከር ብሏል እንጂ ቅላጼው እንዳለ ነው፤ አንዷን ቃል ይዞ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ያርገበግባታል፣ ተዋት ሲሉት መልሶ ይይዛታል። ልጁ ቀዳና ኦቶ-ቲዩን ጫነበት። ይህ ፕሮግራም ከዘፋኙ አፍ የሚወጣውን ድምፅ እየለካ፣ አጠገቡ ወዳለው ኖታ ይስበዋል። ልጁ አምስቱን የትዝታ ኖታዎች ብቻ መርጦ ሰጠው፤ አሜሪካ ተወልዶ ይህን ማወቁ አስደስቶኛል። የመሳቢያውን ፍጥነት ግን ዜሮ ላይ አደረገው፤ በእነሱ አነጋገር ዜሮ ማለት ፋታ የለም ማለት ነው። የትዝታ ጉዳይ ደግሞ ያለው በአንዱና በሌላው ኖታ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። ጋሼ ተንሸራቶ በወረደበት ሁሉ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጎ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ።

«ማነው ይሄ?»

«አንተ ነሃ፣ ዳዲ።»

«እኔ ሆድ አለኝ። ይሄ ሆድ የለውም።»

ነገሩን ለማብረድ ብዬ የፕሮግራሙን ታሪክ ጀመርኩ። አንዲ ሂልደብራንድ የሚባል፣ ፍሉት የሚጫወት መሐንዲስ ነው የሠራው። እንጀራው ነዳጅ ፍለጋ ነበር፤ ለኤክሶን ሠርቷል። መሬት ላይ ፈንጂ ያፈነዳሉ፣ ድምፁ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከአለቱ ነጥሮ ሲመለስ ያዳምጡታል፣ ከተመለሰው ድምፅ ነዳጁ የት እንደተኛ በሒሳብ ያወጣሉ። አንድ ቀን ማዕድ ላይ የሥራ ባልደረባው ሚስት «ቃና ሳልስት እንድዘፍን የሚያደርገኝ ሳጥን ለምን አትሠራልኝም?» ብላ ቀለደች። ከአለት የሚመለሰውን ድምፅ የሚፈታው የሒሳብ ዘዴ ለጉሮሮም ሠራ፤ በ1997 ኦቶ-ቲዩን ገበያ ላይ ዋለ። በማግስቱ ዓመት ዘፋኟ ሼር «ቢሊቭ» የሚለውን ዘፈን አወጣች። አዘጋጆቿ የዘፈኑን የሚሰባበር ድምፅ ከየት እንዳመጡት ሲጠየቁ፣ ምስጢሩ እንዳይወጣባቸው ሌላ መሣሪያ ነው ብለው ለአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ተናገሩ።

ጋሼ እስከዚህ ድረስ በጥሞና ከሰማኝ በኋላ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ነዳጅ ፈላጊ! እኔም ገርሞኝ ነበር፤ ጉሮሮዬን ቆፈረው እኮ።»

ልጁ የሚያመልከው ቲ-ፔይንን ነው፤ እዚህ ላይ ከልጁ ጋር ነኝ። ይህ የፍሎሪዳ ልጅ ከ2005 ጀምሮ ኦቶ-ቲዩንን ስህተት መሸፈኛ ሳይሆን መሣሪያ አድርጎ ነው የተጫወተበት። ጄይ-ዚ በ2009 የኦቶ-ቲዩንን መርዶ የሚያውጅ ዘፈን አወጣ፤ ሟቹ ግን አልሞት አለ። በ2014 ቲ-ፔይን ዋሽንግተን በሚገኘው የኤን.ፒ.አር. ሬዲዮ ቢሮ፣ መጻሕፍት በተደረደሩበት ጠረጴዛ ጀርባ ያለ አንዳች ማስተካከያ ሲዘፍን፣ ድምፅ የለውም ይሉት የነበሩ ሁሉ አፋቸውን ያዙ።

«እንዲያውም አቤል ተስፋዬም ያለ ኮምፒውተር አይቀዳም» አለ ልጁ።

«አቤልን አትንካ!» ጋሼ ከወንበሩ ተነሳ። አቤል ዘ ዊክንድ ተብሎ ዓለምን ከመዞሩ በፊት ቶሮንቶ ውስጥ አያቱ አማርኛ እያወሩ ያሳደጉት ልጅ ስለሆነ፣ በጋሼ ቤት ሕግ አይከሰስም። ከዚያ ፍርዱን ሰጠ፦ ድሮ አንድ ማይክ፣ አንድ ጉሮሮ፣ አበቃ። ኤልቪስን ማን አስተካከለው? ጋሼ ልጅ ሆኖ፣ የወንድሙን ሸክላ እየሰረቀ፣ ፀጉሩን እንደ ዓለማየሁ እሸቴ እያበጠረ ያደገ ሰው ነው። ኤልቪስ የተቀዳበት የሜምፊስ ክፍል ከናሽቪል የሦስት ሰዓት መንገድ መሆኑን ያውቃል። «ቅዳሜ እንሄዳለን፤ ድምፅ እንዴት እንደሚቀዳ ይይ» አለ።

ጃክሰን ከተማ ሳንደርስ ሞተሩ ፈላ።

ለመጠጥ የያዝነውን ውሃ ሁሉ ራዲያተሩ ጠጣው፤ ከታች በተቀደደ ቱቦ ደግሞ መልሶ አፈሰሰው። መኪና ጎታች ጠርተን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። የቴነሲ ሐምሌ ያቃጥላል። በዚህ መሃል ጋሼ የተፈጥሮ ድምፅ ስብከቱን ቀጠለና የድሮውን ዘፋኝ ቢንግ ክሮዝቢን ምስክር ጠራ። ከሁሉ ሰው ክሮዝቢን! እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ዘፋኝ ቀንድ በሚመስል ጡሩንባ ውስጥ እየጮኸ ነበር የሚቀዳው፤ በ1925 የኤሌክትሪክ ማይክራፎን ስቱዲዮ ገባና ጩኸት ቀረ። ክሮዝቢ ጆሮ ሥር የሚያንሾካሹክ መስሎ የዘፈነው ማሽኑ ስለፈቀደለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃክ መሊን የሚባል መሐንዲስ ከጀርመን በመግነጢስ ቴፕ የሚቀዱ ሁለት ማሽኖች ይዞ መጣ። የሬዲዮ ዝግጅቱን በየሳምንቱ በቀጥታ መሥራት የሰለቸው ክሮዝቢ በ1947 ነገሩን ወደደው፤ አምፔክስ ለሚባል ትንሽ ድርጅት 50,000 ዶላር ሰጥቶ ማሽኑን እንዲሠሩለት አደረገ። ቴፕ ደግሞ በመቀስ ይቆረጣል፤ ያልተሳካው ይጣላል፤ ባልተሳቀበት ቀልድ ላይ ካለፈው ሳምንት የተረፈ ሳቅ ይለጠፋል። ለጊታር ተጫዋቹ ለሌስ ፖልም አንድ ማሽን ሰጠው፤ ሌስ ፖል ከሚስቱ ከሜሪ ፎርድ ጋር ድምፅ በድምፅ ላይ እየደራረበ፣ በ1951 ሁለት ሰዎች የብዙ ሰው ያህል የሚዘፍኑበትን «ሃው ሃይ ዘ ሙን»ን አወጣ።

«ፀሐዩ ነው የሚያስለፈልፍህ» አለኝ ጋሼ።

የመኪና ጎታቹ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ነው። ጋቢናው ውስጥ ተጠጋግተን ስንቀመጥ የሬዲዮ ጣቢያው የገጠር (ካንትሪ) ሙዚቃ ያሰማል፤ ከሥሩ ግን የሚመታው የራፕ ከበሮ ነው። «ይሄ ካንትሪ አይደለም» አለ ሽማግሌው፤ ጣቢያውን ግን አልቀየረም። ልጁ ስለ ሊል ናስ ኤክስ አነሳበት። ይህ ዘፋኝ አንድ ያልታወቀ ሆላንዳዊ ወጣት የሠራውን ቢት በ30 ዶላር ከኢንተርኔት ገዝቶ «ኦልድ ታውን ሮድ»ን ዘፈነ፤ በ2019 ቢልቦርድ መጽሔት ከካንትሪ ሰንጠረዥ አወጣው፤ እሱ ግን በዋናው ሰንጠረዥ አናት ላይ 19 ሳምንት ተቀመጠ። ሽማግሌው ትከሻውን ሰበቀ።

ያ ከበሮ የሚመጣው ከአንድ የጃፓን ሳጥን ነው፤ ሮላንድ ቲ.አር.-808። ከ1980 እስከ 1983 ወደ 12,000 ያህል ብቻ ተሠርቶ ቆመ። ውድ የሆነው ተፎካካሪው እውነተኛ ከበሮ የተቀዳበት ነበር፤ 808 ግን ከበሮ አይመስልም ተብሎ ተናቀ፣ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ገባ፣ ገንዘብ የሌላቸው የከተማ ልጆች አነሱት። የሚያፏጨው ድምፁ የተገኘው ኩባንያው ጉድለት ያለባቸውን ትራንዚስተሮች ሆን ብሎ እየገዛ ስለተጠቀመ ነው። ፋብሪካዎች ሥራቸውን አሻሽለው ጉድለት ያለበት ትራንዚስተር ሲጠፋ፣ 808ም አበቃለት። ስለ አሜሪካ ሙዚቃ ከማውቀው ሁሉ ይህን ያህል የምወደው ታሪክ የለም።

ጋራዡ ቱቦውን ለወጠልን፤ መንገድ እንደጀመርን የካሴት ማጫወቻው ጥላሁንን በላ። ጋሼ ቡናማውን ቴፕ በጣቱ እየጎተተ አዘነ። በግዳችን የልጁ ስልክ ሥራ ጀመረ፤ እርቅ ይሁን ብሎ ነው መሰል ልጁ በ1955 የተቀዳውን የኤልቪስን «ቤቢ ሌትስ ፕሌይ ሃውስ» ከፈተ። ጋሼ መሪውን እየደበደበ «ሰማህ? ጉሮሮ! ማን ነካው?» አለ።

ሜምፊስ፣ ዩኒየን ጎዳና ቁጥር 706 ስንደርስ ቀኑ ሊያልቅ ነው፤ በመጨረሻው የጎብኝዎች ቡድን ውስጥ ተሰገሰግን። ሳም ፊሊፕስ በ1950 የከፈተው ይህ ክፍል ትንሽ ነው፤ ጋሼ ከሳሎኑ ጋር ሲያነጻጽር አየሁት። አስጎብኚያችን አንዲት ቀልጣፋ ወጣት ናት፤ መተረክ ጀመረች። በ1951 የአይክ ተርነር ባንድ «ሮኬት 88»ን ሊቀዳ ሲመጣ የጊታሩ ማጉያ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነበር፤ ፊሊፕስ የተቀደደው ስፒከር ውስጥ ወረቀት ጠቅጥቆ፣ እየነዘረ እንዲጫወቱበት አደረገ፤ ያ የነዘረ ድምፅ የሮክ ሙዚቃ መነሻ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ጆኒ ካሽ ከበሮ ስላልነበረው በጊታሩ ክሮች መሃል ወረቀት ሸጉጦ እንደ ከበሮ አስጮኸው። ጋሼ እስካሁን ደስ ብሎታል፤ ወረቀት ማሽን አይደለም።

ከዚያ ወደ ኤልቪስ ማሚቶ መጣች። ፊሊፕስ ሁለት የአምፔክስ ማሽን ነበረው። ድምፁ በአንዱ ሲቀዳ፣ ሌላው ያንኑ ቀድቶ ከአንዲት ብልጭታ በኋላ ይመልሰዋል፤ ምክንያቱም ቴፑ ከመቅጃው ጭንቅላት ወደ ማሰሚያው ጭንቅላት እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ሁለቱ ሲደባለቁ፣ ድምፁ ከግድግዳ ነጥሮ የተመለሰ ይመስላል።

ጋሼ እጁን አወጣ። «ስለዚህ ኤልቪስ ሁለት ጊዜ ነው የዘፈነው?»

«አንድ ጊዜ። ሁለተኛው ማሽኑ ነው።»

ልጁ ጨዋ ነው፤ ጣሪያውን ብቻ አየ። በ1955 መጨረሻ የሸክላ ኩባንያው አር.ሲ.ኤ. የኤልቪስን ውል በ35,000 ዶላር ሲገዛ ድምፁንም የገዛ መስሎት ነበር፤ ናሽቪል ወስደው ሲቀዱት ያ ማሚቶ የለም። እንዴት እንደሚሠራ ስላላወቁ በኮሪደር ጫፍ ስፒከርና ማይክ ተክለው አስተጋቡለት፤ «ሃርትብሬክ ሆቴል» የተወለደው እንዲያ ነው። ይህን ለጋሼ በጆሮው ብነግረው ኖሮ ልቡ ይቆም ነበርና ዝም አልኩ።

ጉብኝቱ ሲያልቅ ሰው በአሮጌው ማይክራፎን ፎቶ ይነሳል። ገመዱ የትም አልተሰካም። ጋሼ ያዘው፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ትዝታውን ጀመረ። ያለ ቴፕ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ ለማንም በማይቀዳ ማይክ ሙሉውን። ጎብኝዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዝም አሉ፤ በሦስተኛው አስጎብኚዋ ሰዓቷን አየች። «ጋሼ፣ ይበቃል» ብለው «አልጨረስኩም» አለኝ። ጨረሰ። ተጨበጨበለት።

ሲመሽ ወደ ናሽቪል ስንመለስ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ኋላ ግን ወደ መስተዋቱ ቀና ብሎ «ያ ሁለት ማሽን… አንተ ኮምፒውተር ላይ አለ?» አለ።

«አንድ ቁልፍ ነው፣ ዳዲ።»

«አድርግልኝ። ያንን የነዳጅ ሰውዬ ግን አላይም።»

«እሱም ማሽን፣ ይሄም ማሽን!»

«ገደል ማሚቶ እግዜር የሠራው ነው» አለ ጋሼ፤ ክርክሩ ተዘጋ። በእኔ ግምት ሰው የተፈጥሮ ድምፅ የሚለው በልጅነቱ የለመደውን ማሽን ነው፤ ግን ሌሊት ነው፣ የሚነዳው እሱ ነው።

ልጁ ማሚቶውን የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ያህል አድርጎ ሠራለት። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና «አሁን ሆድ አለው» አለ። ልጁ ማታ ወጥ ቤት አግኝቶኝ፣ ሦስት ቦታ ላይ ኦቶ-ቲዩኑን በቀስታ አድርጎ እንዳስገባበት በሹክሹክታ ነገረኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

በሰርጉ ቀን ዘፈኑ ተከፈተ፤ ሙሽራዋ አለቀሰች፤ የጋሼ ታላቅ እህት ከአዲስ አበባ መጥተው ነበርና ጆሯቸውን አዘንብለው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ደስ ይላል፤ ግን ይሄ ከኋላ ከኋላህ እየተከተለ የሚቀበልህ ማነው?»

«የሜምፊስ ሰው ነው» አላቸው ጋሼ።

«ታዲያ ለምን ሰርጉ ላይ አልጠራችሁትም?»