የካልሲ ሻጩ ናፍቆት

ፍቅር ከምድር ጠፍቷል እያሉ የሚያማርሩ ሰዎች ካልሲ በኢንተርኔት ለመግዛት ሞክረው አያውቁም። ይሞክሩት። የካልሲ መሸጫ ድረ ገጽ ይክፈቱ፣ ግራጫውን ከጥቁሩ ያስተያዩ፣ ከዚያ ኢሜይል ለማየት ወደ ሌላ ታብ ዞር ይበሉ። ዓይናቸው ገና ከመነሣቱ፣ ቅድም «የወንድ ካልሲ፣ ጥጥ፣ ስድስት ጥንድ» ይል የነበረው የታቡ ርእስ ተለውጦ «ናፈቅኸን! ተመለስ!» ይላል። ከጎኑ እንባው የሚወርድ ቢጫ ፊት ተለጥፏል። ትንሽ ቆይቶ ርእሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ደግሞ ይለወጣል፤ ደግሞ ይመለሳል። ካልሲ ሻጩ ሆድ ብሶታል።

እዚህ ላይ ልቡ ያልተነካ ሰው ድንጋይ ነው። ከሳሎን ወደ ጓዳ ስንገባ «የት ሄዱ?» ብሎ የሚጠይቀን ስንቶቻችን አለን? ይኸው ግን ስማችንን የማያውቅ፣ መልካችንን ያላየ፣ የእግራችንን ቁጥር ብቻ የሚፈልግ ነጋዴ ገና ፊታችንን ስናዞር በናፍቆት ነደደ።

ይህ ፍቅር ታዲያ ወፍ ዘራሽ አይደለም፤ የሚዘሩትና የሚኮተኩቱት ሊቃውንት አሉት። የዲጂታል ማርኬቲንግ ባለሙያዎች ነገሩን ሲያስረዱ ድምፃቸው እንደ ሐኪም ዝግ ይላል፦ ጎብኚው ትኩረቱ ተበታትኗል፣ ስለዚህ መመለስ አለበት። በሽተኛው እናንተ ናችሁ። በሽታውም ሌላ ነገር ማየታችሁ ነው። ልጅ አልቅሶ ሊሆን ይችላል፣ አለቃ ድንገት ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ወጡ አርሮም ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሁሉ በሊቃውንቱ መዝገብ ያለው ስም አንድ ነው፦ መዘናጋት። ዋጋ ለማወዳደር የሌላ ሱቅ ገጽ የከፈተ ሰውማ፣ ማለትም ከጎብኚዎቹ ሁሉ ለመግዛት ይበልጥ የቆረጠው ሰው፣ የባሰበት ተዘናጊ ተብሎ ተመዝግቧል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ብራውዘሮች አንድ ገጽ በሰው ዓይን ፊት ይሁን ወይም ከሌላ ታብ በስተጀርባ ተሸፍኖ ይሁን ለገጹ ለራሱ የሚነግሩበት መንገድ አላቸው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም እ.ኤ.አ. በ2013 በይፋ ያጸደቀው ነው። የታሰበውም ገጹን ለማሳረፍ ነበር፦ ማንም የማያየው ቪዲዮ እንዲቆም፣ የሚሽከረከረው ምስል እንዲረጋ፣ ከሰርቨሩ ጋር ያለው ምልልስ እንዲቀዘቅዝ፣ ባትሪም ዳታም እንዲተርፍ። ሰው ሲሄድ እንዲያርፍ የተፈቀደለት ገጽ፣ ሰው ሲሄድ ለቅሶ መቀመጥ ጀመረ። ለዚህም ጥቂት መስመር ጃቫስክሪፕት ይበቃል፤ ገጹ ሲሸፈን ርእሱን ለውጥ፣ ሲገለጥ መልስ፣ ነው ነገሩ። ይህችን መጻፍ ለማይችል ነጋዴ ደግሞ እንባውን አዘጋጅቶ የሚሸጥለት አይጠፋም።

የሚገርመው የዚያው ዓመት ግጥምጥሞሽ ነው። ኔትስኬፕ የተባለው ብራውዘር በ1990ዎቹ ያመጣው ብልጭ ድርግም የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ያየው ሁሉ ጠልቶት ኖሮ በ2013 ፋየርፎክስም አውጥቶ ጣለው። ቀብሩ ላይ የነበርን ሰዎች ተገላገልን ብለን ነበር። ለካ ሟቹ አንድ ፎቅ ወደ ላይ ወጥቶ ታቡ ውስጥ ቤት ተከራይቷል።

ለመሆኑ የታቡ ርእስ የማን ነው? ከጎኑ ያለችው ትንሽ ምስልስ? ምስሏ ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር በ1999 የመጣች ናት፤ ሰው ከመረጣቸው ገጾች መካከል የሚፈልገውን በዓይኑ እንዲለይ። ዛሬ ብዙ ታብ ከፍቶ በሚሠራ ሰው ብራውዘር ላይ ርእሱ እየተቆረጠ ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ሲቀር፣ መንገዱን የምታሳየው ያችው ምስል ናት። እንግዲህ አንድ ባለሱቅ አስቡ፤ ደንበኛው ስልክ ሊያነጋግር ከደጁ ፈቀቅ ባለ ቁጥር መሰላል አቁሞ የሱቁን ታፔላ አውርዶ «ተመለስ» የሚል ይሰቅላል። ደንበኛው ስልኩን ጨርሶ ዞር ሲል የሚፈልገውን ሱቅ ያጣዋል። ጎረቤቱም ያንኑ ዘዴ ከተማረ፣ መንገዱ በሙሉ «ተመለስ» የሚል ታፔላ ይሆንና ደንበኛው ወደየትኛው እንደሚመለስ ግራ ይገባዋል። ሊቃውንቱ ይህን የደንበኛ ማቆያ ስልት ይሉታል።

ከሁሉ የረቀቀው ግን ቁጥሩ ነው። ርእሱ ፊት በቅንፍ «1» ይጻፋል፣ ወይም ምስሏ ትከሻ ላይ ቀይ ነጥብ ትቀመጣለች። ይህችን ቁጥር ያስለመዱን የኢሜይልና የመልእክት ገጾች ናቸው፤ እዚያ «1» ማለት አንድ ሰው የጻፈልን አንድ መልእክት አለ ማለት ነው። ጂሜይል «1» ካለ ከፍተን እናነባለን። ካልሲ ሻጩም «1» ይላል። ልባችን ዘሎ እንሄዳለን፤ መልእክቱን እንፈልጋለን፤ የለም። ያው ግራጫ ካልሲ ያው ቦታው ላይ ተኝቷል። ዓይኑን በጨው የታጠበ ውሸት ነው፤ በሊቃውንቱ ቋንቋ ግን ፈጠራ ይባላል።

ፈጠራ ካልን ደግሞ ፈር ቀዳጁን መዝለል ነውር ነው። በ2010 የፋየርፎክስ ሠሪ በሆነው ሞዚላ ውስጥ ይሠራ የነበረው አዛ ራስኪን አንድ የማጭበርበሪያ ዘዴ ለዓለም አሳየ፤ ዘዴው ታብናቢንግ ተባለ። አንድ ገጽ ትከፍታላችሁ፤ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ወደ ሌላ ታብ እስክትሄዱ በትዕግሥት ይጠብቃል። ሄዳችሁ ሲቆይ ርእሱን ይለውጣል፣ ምስሉን ይለውጣል፣ ገጹንም የጂሜይል መግቢያ ያስመስላል። ስትመለሱ «ለካ ጂሜይሌን ከፍቼ ትቼው ነበር» ብላችሁ የይለፍ ቃላችሁን ትጽፋላችሁ፤ ይለፍ ቃሉም ይለፋችኋል። ራስኪን ያሳየው ሰው እንዲጠነቀቅ፣ ብራውዘር ሠሪዎችም መላ እንዲፈልጉ ነበር። ጀርባችንን ስንሰጥ ጠብቆ ርእስና ምስል መቀየር፣ ለጥንቃቄ የታየው ነገር፣ ካልሲ መሸጫው ላይ ሲደርስ ግን የማርኬቲንግ ትምህርት ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጨዋነት ነው ቢባል ሌባው ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሠራው።

ነገር ግን ሊቃውንቱ እዚህ ታብ ላይ የደረሱት ወደው ብቻ አይደለም፤ ከየበሩ ተባርረው ነው። መጀመሪያ የነበረው ሳይጠሩት የሚከፈተው የፖፕ አፕ ማስታወቂያ መስኮት ነው። ትራይፖድ በተባለው ኩባንያ ውስጥ በ1990ዎቹ ኮዱን የጻፈው ኤታን ዙከርማን በ2014 ዘ አትላንቲክ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ይቅርታ ጠይቋል። የሠራው ሰው ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ግን ብራውዘሮቹ አልጠበቁም፤ በሩን ቀድመው ጠርቅመውታል። ቀጥሎ ደግሞ የኖቲፊኬሽን ፈቃድ መጣ። ክሮም በ2015 ከፈተውና ድረ ገጽ ሁሉ ገና ከመከፈቱ «ማስታወቂያ ልላክልህ?» ማለት ጀመረ፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ሞዚላ በ2019 ነገሩን ሲፈትሽ ከ100 ጥያቄ 99ኙ ፈቃድ አላገኙም፤ 48ቱም «አይሆንም» ተብለው ቁርጥ መልስ የተሰጣቸው ናቸው። ከዚህ በኋላ ፋየርፎክስ በጥር 2020፣ ክሮም ደግሞ በየካቲት ጥያቄውን ዝም የሚያሰኙበትን መንገድ አበጁ።

ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ፊት የተነሳው ሰው ምን ያደርጋል? ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። የእኛ ጀግኖች ግን ፈቃድ የማያስጠይቅ በር ፈልገው አገኙ። የታብ ርእስ ለመለወጥ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም፤ «አልፈልግም» የሚባልበት ቁልፍም የለው። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ክሮም ከአምስት ደቂቃ በላይ ተሸፍኖ የቆየን ገጽ ርእስ የሚያለዋውጠው የጊዜ ቆጣሪ በደቂቃ አንዴ ብቻ እንዲነቃ ገድቦታል፤ ይህም ኮምፒውተሩን ለማሳረፍ ተብሎ ነው። እኔ ግን እንደ ለቅሶ ሥርዓት ነው የማየው፦ ልቅሶ ተፈቅዷል፤ ሙሾው በደቂቃ አንድ ጊዜ።

አሁን ወደ ቆጠራው እንምጣ፤ የዚህ ጥበብ ውበቱ እዚያ ነው። ካልሲ ሻጩ ወሩ ሲያልቅ ዳሽቦርዱን ከፍቶ ስንት ጎብኚ «እንደተመለሰ» ያያል። ማን ነው የተመለሰው? ኢሜይሉን ጨርሶ ያለ ማንም ጥሪ የተመለሰው ተቆጥሯል። የሚፈልገውን ታብ አጥቶ በስሕተት የነካው ተቆጥሯል። በብልጭ ድርግሙ ተማርሮ ሊዘጋው የመጣውም፣ እሱም ለሁለት ሰከንድ ያህል፣ ተቆጥሯል። ሁሉም እንባው ያመጣቸው ናቸው። በአንጻሩ አዝኖ ላይመለስ የሄደው ሰው በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይታይም፤ የሌለ ሰው አይቆጠርማ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴት ዳሽቦርድ ቢኖራት ኖሮ ተሳክቶላታል ይባል ነበር።

ያን ሰው ምን አስሄደው ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። ገጹ እስኪከፈት ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። የመላኪያው ዋጋ አድራሻና ስልክ ቁጥር ተሞልቶ እስኪያልቅ ተደብቆ ይቆያል፤ ሲወጣ ከካልሲው ዋጋ ይበልጣል። ቁጥር 44 የሚለው መጠን እግር ላይ ሲሞከር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር የለም። ይህን ማስተካከል የሳምንታት ሥራ ነው፤ ማልቀስ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ። ምርጫው ቢያጓጓ አይፈረድም።

ፍርዴ ግን ሁሉን አንድ ላይ የሚጨፈልቅ እንዳይመስል፦ ፋይል እየጫንን ወደ ሌላ ሥራ ስንሄድ «ተጭኖ አልቋል» የሚል ታብ ውለታ ይውልልናል። የስብሰባ ጥሪ ሲመጣ፣ ወረፋ ሲደርስ፣ ሰው የምር ሲጽፍልን ርእሱ ቢለወጥ እሰየው። እዚያ የተከሰተ ነገር አለ፤ ታቡም እሱን ይናገራል። ካልሲ መሸጫው ውስጥ ግን የተከሰተው ብቸኛ ነገር የእናንተ አለመኖር ነው። ይህ ጥበብ በእውነት ሰውን የሚጠቅም ከሆነ ለምን በነጋዴ ብቻ ይቀራል? እስቲ አንድ ቀን ቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ የሄደ ሰው ተሰላችቶ ሲወጣ፣ መስኮት ተከፍቶ «ናፈቅኸን፣ ተመለስ» ይበሉት። ያኔ እኔም አለቅሳለሁ።

የድረ ገጽ ባለቤቶች ሆይ፣ ያችን ጥቂት መስመር ኮድ ዛሬውኑ ሰርዙ፤ ካልሲያችሁ ጥሩ ከሆነ ስሙን ብቻ ጻፉበትና ተዉት፤ ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። አንባቢ ደግሞ የሚያለቅስ ታብ ሲገጥመው አይጨነቅ፤ ኮንትሮልን ከደብሊው ጋር ሲጫን ለቅሶው ያበቃል። ካልሲው በኋላ የምር ካስፈለገው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ የዘጋውን ታብ መልሰው ይከፍቱለታል።