የክፉ ቀን ብር አድራሻ

አዲስ አበባ ላይ ሰው ደመወዙን ይናገራል፤ ትንሽ ቀንሶ ነው እንጂ ይናገራል። የቤት ኪራዩንም ይናገራል፤ ትንሽ ጨምሮ። ስኳሩን፣ ደም ግፊቱን፣ የልጁን የፈተና ውጤት ሳትጠይቁት ይዘረዝርላችኋል። እስቲ ደግሞ «ለመሆኑ አሁን ቤትህ ውስጥ በካሽ ስንት ብር አለ?» በሉት። መጀመሪያ በሩን ያያል። ቀጥሎ እናንተን ያያል። ከዚያ «ኧረ ከየት መጥቶ!» ይላል። የጎረቤቱን ከጠየቃችሁት ግን ኦዲተር ነው። ዕቁቡ መቼ እንደወጣለት፣ ዱባይ ያለችው እህቱ ስንት እንደላከች፣ አሮጌዋን ቪትስ በስንት እንደሸጣት፣ ከዚያ ላይ ስንቱ እንደተበላና ስንቱ እንደተረፈ፣ የተረፈውም የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚገኝ ጭምር ያውቃል።

የማወራው ስለ ሀብታም አይደለም። ሀብታም ካዝና አለው፤ ድሃ ደግሞ የሚደብቀው የለውም። የማወራው በመሃል ስላለው ወገን ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሶት የባንክ ዕዳውን ስለሚከፍለው፣ ልጆቹን የግል ትምህርት ቤት ስለሚያስተምረው፣ ወሩ ሳይጋመስ ከሱቅ በዱቤ መውሰድ ስለሚጀምረው። ስለ ገንዘብ አያያዝ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ይህን ወገን «ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያኖር ተቀማጭ ይኑርህ» ይሉታል። መልካም ምክር ነው። ችግሩ መስከረም ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል። መስከረም ብቻውን ስድስት ወር ነው።

ቢሆንም ብር አለ። የሌለበት ቤት የለም። የት እንዳለ ነው ጥያቄው። የባል በሠርጉ ቀን ለብሶት ከዚያ ወዲህ አልቆለፍ ባለው ሱፍ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው። የሚስት በርበሬ ጣሳ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ወይም ቡፌው ላይ «ለእንግዳ» ተብሎ ከተቀመጠውና እንግዳ ነክቶት ከማያውቀው የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነው። የአያት ፍራሽ ሥር ነው፤ የአያት ነገር ግልጽ ነው። ሌባ ቢገባ መጀመሪያ የሚያነሳው ፍራሽ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ይህ ሁሉ ጥበብ ለሌባ የተዘጋጀ አይመስለኝም። ሌባ ከመጣ ቴሌቪዥኑን ይዞ ይሄዳል፤ በርበሬ ሲፈትሽ አያድርም። ብሩ የሚደበቀው «ትንሽ ቸግሮኝ ነበር» ብሎ እሁድ ከሰዓት ከሚመጣው ዘመድ ነው። ከዚያም በላይ አንድ አልጋ ላይ ከሚተኛው ሰው ነው። እሷ ካወቀች መጋረጃ ይቀየራል፤ እሱ ካወቀ ለወንድሙ ይሰጣል። ሁለቱም ይህን ከልምድ ያውቃሉ፤ ተሳስተዋል ማለትም አልችልም።

ይህ ሁሉ ምስጢር በአንድ ቀን ገሃድ የወጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። መስከረም 4 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀርበው የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ እንደሚቀየሩ፣ የ200 ብር ኖት እንደሚጨመር፣ አሮጌውን ለመለወጥም የሦስት ወር ጊዜ እንደተሰጠ አስታወቁ። ዓላማው ከባንክ ውጭ ያለውን ገንዘብ ወደ ባንክ ማስገባት፣ ሕገ ወጥ ዝውውርን መቆጣጠር ነበር። ያ ማስታወቂያ በየሳሎኑ የፈጠረውን ዝምታ ግን ማንም የኢኮኖሚ ባለሙያ አልጻፈውም። ጎረቤቶቼ የሆኑ ባልና ሚስት ያን ምሽት ዜናውን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙ። «ጥሩ ነው፤ ሌቦቹን ይይዝልናል» አለ እሱ። «በጣም ጥሩ ነው» አለች እሷ። ሌላ ነገር ሳይነጋገሩ ተኙ።

በማግስቱ እሱ «መሥሪያ ቤት በጠዋት ስብሰባ አለን» ብሎ ወጣ። እሷ «ለቅሶ ልደርስ ነው» አለች። የኮሮና ጊዜ ስለሆነ ሁሉም በማስክ ተሸፍኗል። ባንኩ በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ እርስ በርሱ እየተራራቀ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። አባወራው ከፊት ለፊቱ የቆመችውን ሴት የለያት ለቅሶ ልደርስ ብላ በለበሰችው ነጠላ ነው። ለጥቂት ጊዜ እንዳላያት ሆኖ ቆመ። በኋላ ተጠራሩ፤ የያዙትንም አወዳደሩ። የእሷ ከእሱ በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሽንኩርት ዋጋ የመናገር መብቱን አጣ።

በዚያው ሰሞን ብሔራዊ ባንክ ማንም ሰው ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከባንክ ውጭ እንዳይዝ ከለከለ። የሰፈራችን ካፌ በዚህ መመሪያ እንዴት እንደተቆጣ! በኪሱ የማኪያቶ ሒሳብ ብቻ ያለው ሰው ጠረጴዛ እየመታ «እንዴት የራሴን ብር እንዳልይዝ ይከለክሉኛል?» ሲል ሰምቻለሁ። ድምፁን ከፍ ያደረገው ለመንግሥት አልነበረም፤ ለአጠገቡ ጠረጴዛ ነበር። ሕግ እንኳ ሰውን ለአንድ ሳምንት ሚሊየነር ማድረግ ይችላል።

የኛ ሰው ከብር ለውጥ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ደርግ በ1969 የጃንሆይ ምስል ያለበትን ብር ቀይሯል። በ1990 ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣም ኖቱ ተለውጧል። ዛሬም በየሳጥኑ ሥር ጃንሆይ ያሉበት ብር ይገኛል፤ ያስቀመጠው ሰው ወይ ረስቶታል፣ ወይ ለልጆቹ ሳይናገር ሞቷል። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች የሚቀብሩት ጠገራ ብር ነበር፤ 28 ግራም የሚመዝነው ያ የማርያ ቴሬዛ ብር አፈር ውስጥ መቶ ዓመት ቢተኛ ያው ብር ነው፤ ቢጠፋ ቢጠፋ መስቀልና ድሪ ይሠራበታል። ወረቀት ይህ ዕድል የለውም። ሦስት ጊዜ የተለወጠበት ቤተሰብ ታዲያ የወሰደው ትምህርት «ባንክ ይሻላል» የሚል እንዳይመስላችሁ። ጣሳውን ነው የቀየረው።

ባንክ አስቀማጮቹም ቢሆኑ ብዙ መኩራት አይችሉም። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆነ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ማለትም ባንክ ያስቀመጠው ሰው ብሩ ሲሟሟ በደብተር ተመዝግቦለታል፤ ጣሳ ውስጥ ያስቀመጠው ሳይመዘገብለት ሟሟ። ለፍሪጅ ብሎ ማጠራቀም የጀመረ ሰው ሲጨርስ ብሩ የሚበቃው ለፍሪጁ ስታብላይዘር ነው። በዚህ መሃል ያተረፉ አንዲት ሴት አውቃለሁ። ልጃቸው ከአሜሪካ ለጥየቃ መጥታ ስትመለስ እጃቸው ላይ ያደረገችላቸውን አንድ መቶ ዶላር «የልጄ ማስታወሻ ነው» ብለው መዝሙረ ዳዊት ውስጥ አስቀመጧት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ኢኮኖሚክስ ያጠናው ወንድ ልጃቸው እስከዚያ ቀን በ7 በመቶው ነበር። አሁን እሳቸው ናቸው የሚመክሩት።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን መደበቁ ሳይሆን አለመነካቱ ነው። ያ ጥቅል በላስቲክ ታስሯል። ሁሉም ባለ 200 ነው። «ከተነካ አለቀ» ይባላል፤ እውነትም ነው። ስለዚህ ሃያ ሺህ ብር የተደበቀበት ቤት ጠዋት ለታክሲ ዝርዝር ያጣል። አባወራው ከቤት ሠራተኛዋ አሥር ብር ይበደራል፤ እሷ ደመወዟን ጠብቃ ሁለቱንም ትቀበላለች። ሱቅ ዱቤ አለ። የዕቁብ ሰብሳቢው «ነገ» ይባላል። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ እንኳ አበዳሪው ወደ ስልክ ገባ እንጂ ልማዱ አልተለወጠም፤ ሰው በስልኩ በወለድ ተበድሮ የመብራት ይከፍላል፣ በርበሬው ጣሳ ውስጥ ያለው ብር ግን ይተኛል።

ለምን? ለክፉ ቀን ነዋ። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ክርክር ይነሳል። ልጅ አተኮሰው፤ «ይኼ ጉንፋን ነው፣ ክፉ ቀን አይደለም»። መኪናው ጎማው ፈነዳ፤ «በታክሲ ሂድ»። ጣሪያው አፈሰሰ፤ ባልዲ ተቀመጠ። የቤቱ ክፉ ቀን መመዘኛው ከፍ ከማለቱ የተነሳ አንድም ችግር የሚመጥነው አልተገኘም። ብሩ መጨረሻ የሚፈታው በምን ይመስላችኋል? በደግ ቀን። በፋሲካ ዋዜማ።

እነዚያ ጎረቤቶቼ ከ2013ቱ ሰልፍ በኋላ የጋራ ሒሳብ ከፍተው፣ ከእንግዲህ ላይደባበቁ ተማምለው ነበር። ቆየት ብሎ አንድ የፋሲካ ዋዜማ ላይ ግን የበግ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የጋራው ሒሳብ ውስጥም የጋራ ተስፋ ብቻ ቀርቷል። ከፎቅ በታች ያለው ጎረቤት በጉን ቀደም ብሎ ገዝቶ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። ሲነጋ ሚስት ወደ ማዕድ ቤት ገብታ ወጣችና የበጉን ዋጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ከየት አመጣሽው?» «ከጓደኛዬ ተበድሬ።» አባወራው አፈረ። በዓሉ እንዳለፈ «ቤታችን በዕዳ አይታማም» ብሎ ከሱፉ ኪስ እያወጣ፣ «ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ነው» እያለ፣ በየወሩ ይሰጣት ጀመር። እሷም «ላደርስላት ነው» እያለች ትቀበላለች። ዕዳው በአራት ወር ተከፍሎ አለቀ፤ ጓደኛዋ ስለ ነገሩ ያወቀችው ቡና ላይ ሲሳቅበት ነው።

ይህን ለእኔ የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፤ እዚያ ቡና ላይ ነበረች። ስትነግረኝ ከሚገባው በላይ ረዘም አድርጋ ሳቀች። እኛም የዘንድሮውን በግ የገዛነው ከጓደኛዋ በተበደረችው ብር ነው።