የታላቁ ተከራይ ገድል

ኪራይ አለመክፈል ለድሃ አይፈቀድም። በየትኛውም አዋጅ ላይ አልሰፈረም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ግን በቃሉ ያውቀዋል። የመክፈያ ቀኑ ካለፈ አራት ቀን የሆነው ወጣት ማታ ሲገባ የግቢውን በር በቀስታ ይገፋል። በሩ ሌላ ጊዜ ድምፁ አይሰማም፤ ያን ቀን ግን ሰፈር ይቀሰቅሳል። የቤቱ ባለቤት እትዬ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀሙ ነው።

«እንዴት አመሹ እትዬ? ደመወዝ እኮ እስካሁን አልገባም።»

«ልጄ፣ ደመወዝህ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» ይላሉ ቀና ሳይሉ።

በማግሥቱ የግቢው ቧንቧ ይቆለፋል። ቀጥሎ ፊውዝ «ይቃጠላል»፤ የሚቃጠለው የአንድ ክፍል ፊውዝ ብቻ ነው። ሳምንት ሲሞላ ደላላው አዲስ ሰው አስከትሎ ይመጣና፣ ነባሩ ተከራይ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳለ፣ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታገኛለች» እያለ ክፍሏን ያስጎበኛል።

ልጁ የተሳሳተው ገንዘብ በማጣቱ አይደለም። ዕዳውን አሳንሶ ነው የተሳሳተው። ስድስት ሺህ ብር ያልከፈለ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ስድስት ሚሊዮን ዶላር ያልከፈለ ግን ወጪ የሚቀንስ ባለራእይ ይባላል፤ ወጣቶችን እንዲመክርም መድረክ ይሰጠዋል። የአገራችን ተከራዮች አርአያ ያጡ እንዳይመስላቸው የዘመኑን ታላቅ ተከራይ ገድል ማውሳት ያስፈልጋል። ስማቸው ኢሎን መስክ ነው። አንቱ ይባላሉ፤ ይህን ያህል ያልከፈለ ሰው አንተ አይባልም።

አቶ መስክ ጥቅምት 17 ቀን 2015 ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለሉ። ኩባንያው በየአገሩ ቢሮ ነበረው፤ ቢሮዎቹም ኪራይ ነበረባቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ኪራይ መክፈል ቆሟል የሚል ዜና በአሜሪካ ጋዜጦች ወጣ። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ማርኬት ጎዳና ላይ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት የዲሴምበር ኪራዩ 3.36 ሚሊዮን ዶላር፣ የጃንዋሪው ደግሞ 3.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሁለቱም አልተከፈሉም ብሎ አከራዩ በጥር 2015 ክስ መሠረተ። እዚያው ከተማ፣ ካሊፎርኒያ ጎዳና ላይ አንድ ፎቅ ያከራየ ሌላ ባለሕንፃ ደግሞ ቀደም ብሎ 136,250 ዶላር ይከፈለኝ ሲል ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። 44 ቢሊዮንን ለ136,250 ማካፈል የሚወድ አንባቢ ካለ፣ 323 ሺህ ብር ገደማ ያወጣ ሰው በአንዲት ብር ችሎት እንደ መቆም ነው። ታላቅነት እንዲህ ነው፤ አንዲቷንም ብር አይንቅም።

ለንደን ውስጥ አከራዩ ዘውዱ ነበር። ፒካዲሊ አደባባይ አጠገብ ያለው ቢሮ በእንግሊዝ ንጉሥ ስም የተያዙ ንብረቶችን ከሚያስተዳድረው ክራውን ኢስቴት የተከራዩት ነው፤ እሱም በጃንዋሪ 2023 ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደ። እዚህ ላይ የእኛዋ እትዬ ከንጉሥ ቻርልስ የበለጠ ሥልጣን እንዳላቸው ልብ ይሏል። ንጉሡ ጠበቃ አቁመው ወረፋ ይጠብቃሉ፤ የቧንቧው ቁልፍ ያለው ግን እትዬ መቀነት ውስጥ ነው።

ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ ያለው አከራይ ጠንቃቃ ሰው ኖሮ 968 ሺህ ዶላር የባንክ ዋስትና ይዞ ነበር። ኪራይ ሲቀር ከዋስትናው ይቆርጣል፤ ሲቀር ይቆርጣል፤ በመጨረሻ ዋስትናው አለቀ። በሜይ 2023 መጨረሻ ዳኛው ኩባንያው ቢሮውን እንዲለቅ፣ ሸሪፉም እንዲያስፈጽም አዘዙ። በአዲስ አበባ አቆጣጠር የአንድ ሚሊዮን ዶላር ቅድሚያ ከፍሎ ተባረረ ማለት ነው።

ገንዘብ አጥሯቸው ነው የሚል የዋህ እንዳይኖር፣ በዚያው ዓመት የቀድሞ ሠራተኞች ያቀረቡት ክስ ነገሩን ገላልጦታል። በክሱ ላይ እንደተጻፈው፣ የአቶ መስክ የቅርብ ሰው አንዱን ሠራተኛ አለቃቸው ኪራይ የሚከፍሉት «በሬሳዬ ላይ» ብቻ መሆኑን ነግሮታል። የሰርቪስ ቤቱ ልጅ «ሰኞ እከፍላለሁ» ብሎ በሚለማመጥበት ዓለም ይህ እንዴት ያለ ወንድነት ነው! ቀን ቀጠሮ የለም፤ እትዬን መሸሽ የለም፤ ቁርጡን ተናግሮ መተኛት ነው።

መተኛት ሲባል ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በሸገር ግቢዎች እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው። የእህት ልጅ ከክፍለ አገር ለፈተና መጥታ ሁለት ሌሊት ካደረች የውሃ ሒሳብ ላይ ይደመራል። ታላቁ ተከራይ ግን የኪራዩ ነገር ባልለየለት ሕንፃ ውስጥ የቢሮ ክፍሎችን ወደ መኝታ ቤት ለወጡ፤ ሠራተኛው እዚያው ሠርቶ እዚያው እንዲያድር። የከተማው የሕንፃ ተቆጣጣሪዎች መጥተው አልጋዎቹን አዩ እንጂ ፊውዝ የቆረጠ አልነበረም። ጽዳት ሠራተኞቹም ከተቀነሱ በኋላ አንዳንድ ሠራተኞች የመጸዳጃ ወረቀት ከቤታቸው ይዘው መምጣት እንደጀመሩ ኒው ዮርክ ታይምስ ጽፏል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄኔ ነው።

በጃንዋሪ 2023 አጋማሽ የቢሮው ዕቃ ለጨረታ ወጣ። የቡና ማሽን፣ የፒዛ መጋገሪያ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ተሸጠ። የኩባንያው ምልክት የነበረችው ወፍ ሐውልት 100 ሺህ ዶላር አወጣች፤ በኒዮን መብራት የተሠራችው እህቷ ደግሞ 40 ሺህ። ጥሩ ዋጋ ነው። ነገር ግን የጃንዋሪ ኪራይ ለ31 ቀን ሲካፈል የአንዱ ቀን ወደ 110 ሺህ ዶላር ስለሚጠጋ፣ ሐውልቷ ለአንድ ቀን እንኳ አታሳድርም ነበር።

በጁላይ 2023 ትዊተር ስሙን ወደ ኤክስ ሲለውጥ ታላቁ ተከራይ ሕንፃው ጣሪያ ላይ ግዙፍ የኤክስ ምልክት አስተከሉ። ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም ይል ስለነበር ፊት ለፊት ያሉ ነዋሪዎች እንቅልፍ አጡ። ፈቃድ አልወጣለትም። ተቆጣጣሪዎች ሊያዩት ሲመጡ ጣሪያው ላይ እንዳይወጡ ተከለከሉ። ከ20 በላይ አቤቱታ ከተሰማ በኋላ ነው በጥቂት ቀናት ውስጥ የወረደው። ዲሽ ለመስቀል የእትዬን ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ከተፈቀደለትም በኋላ «ቆርቆሮዬን በሳኸው» የሚባል ተከራይ ይህን ሲሰማ ምን ይሰማው ይሆን?

ገድሉ የአንድ ሰው ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ደቀ መዛሙርቱን መበደል ይሆናል። በማርች 2020፣ ኮሮና አውሮፓን ሲዘጋ፣ ጀርመን ከኤፕሪል እስከ ጁን ድረስ በወረርሽኙ ምክንያት ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ ውሉ እንዳይቋረጥበት የሚያደርግ ሕግ አወጣች። የታሰበው ለጸጉር አስተካካዩ፣ ለትንሿ ምግብ ቤት፣ ሥራው ለቆመበት ቤተሰብ ነው። መጀመሪያ እጃቸውን ካወጡት «ችግረኞች» መካከል ግን አዲዳስ ይገኝበታል፤ የቀደመው ዓመት ትርፉ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዩሮ የተጠጋ ኩባንያ። ኤችኤንድኤምም ተከተለ። ጀርመኖች ተቆጡ፤ አንድ የፓርላማ አባል የአዲዳስ ሸሚዙን ካሜራ ፊት አቃጠለ። አዲዳስ ሳምንት ሳይሞላው ይቅርታ ጠይቆ ኪራዩን ከፈለ፤ በታላቁ ተከራይ ሚዛን ሲለካ ገና ጀማሪ መሆኑን አሳየ። መርካቶ ላይ ባለሦስት መስመር ቱታ የሚሸጠው ነጋዴ በዚያ ወር የሱቁን ኪራይ እንዴት እንደከፈለ የጠየቀው የለም።

እንግዲህ ኪራይ አለመክፈልን ሳያውቁበት የሞከሩም አሉ። ከእነሱ አንዱ ካርል ማርክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 ለንደን፣ ቼልሲ ሠፈር ተከራይቶ ሲኖር የቤቷ አከራይ አምስት ፓውንድ ጠየቀችው፤ አልነበረውም። ሁለት የፍርድ ቤት ሰዎች መጡና አልጋውን፣ አንሶላውን፣ ልብሱን፣ የሕፃኑን መተኛ ሳይቀር፣ የሴት ልጆቹንም መጫወቻዎች ጭምር ለዕዳው አገዱ። ሚስቱ ጄኒ በግንቦት ወር ለአንድ ወዳጃቸው በጻፈችው ደብዳቤ ላይ ነው ይህ የሚገኘው። ቤተሰቡ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ መድኃኒት ሻጩ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሥጋ ሻጩና ወተት አቅራቢው በየፊናቸው ሒሳባቸውን ይዘው በሩ ላይ ተሰለፉ። ጄኒም አልጋዎቹን ሸጣ ከፈለቻቸው። ስለ ካፒታል ያን ያህል የጻፈ ሰው፣ ካፒታል ያለው ሰው ኪራይ እንዴት እንደማይከፍል አላወቀም ነበር።

የማርክስ ስም በኛም አገር ከኪራይ ጋር ተነካክቷል። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 አነስተኛ ኪራዮችን ቀነሰ፤ ርካሾቹ ቤቶች ለቀበሌ፣ ሻል ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የብዙ ቀበሌ ቤቶች የወር ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ከጥቂት ብሮች ፈቀቅ አላለም። ለድሃው ይህ ነፍስ ማትረፊያ ነበር፤ ዛሬም ነው። ግን የመንግሥት ቪላ ውስጥ በድሮ ኪራይ ተቀምጦ የራሱን ቪላ በውድ የሚያከራይ ሰውም በከተማችን አልጠፋም ነበር። እሱ እንኳን ይከፍል ነበር ሊባል ይችላል፤ የሚከፍለው ግን ለቁርስ ከሚያወጣው ያነሰ ነበር። ማርክስ ራሱ በቀይ ድንጋይ ተቀርጾ አዲስ አበባ ውስጥ ቆሟል፤ ያለ ኪራይ።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይና ተከራይን ሲዳኝ በጣም ጨዋ ነው። ውሉ ሌላ ካላለ ኪራይ የሚከፈለው ወሩ ወይም ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ነው ይላል፤ ይህን ለእትዬ ማንበብ በሳቅ መግደል ነው። ተከራይ ካዘገየም አከራዩ ያስጠነቅቀዋል፤ ውሉ የአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ካልሆነ 15 ቀን ይሰጠዋል፤ ያኔም ካልከፈለ ውሉ ይቋረጣል። ቧንቧ ስለ መቆለፍ፣ በር ስለ መንቀል ወይም ቆርቆሮ ስለ ማንሣት የሚናገር አንቀጽ የለም። በመጋቢት 2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። አዋጁን ሁሉም በሬዲዮ ሰምቷል። ለወረዳው የሚቀርበው ውል ላይ አንድ ዋጋ፣ በረንዳ ላይ በቃል የሚነገረው ሌላ ዋጋ የሚሆንበት አጋጣሚ ግን አሁንም አለ።

እትዬን ብቻ ማማት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጡረታቸው የዘይት ዋጋ እንኳ የማይሸፍን፣ በዚያች አንዲት ክፍል የሚተዳደሩ እናት ናቸው። አንድ ወር ሲቀርባቸው መድኃኒት ይቀርባቸዋል። በዚህ ላይ ሆን ብሎ ስድስት ወር ሳይከፍል «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ክስ የሚመሠርትባቸው ብልጥ ተከራይም ይገጥማቸዋል፤ ጠበቃ መቅጠሪያ የላቸውም፤ ቀጠሮው ይረዝማል። እሱን ባለጌ ማለት ይቻላል፤ ሰፈሩም ይላል። ልዩነቱ ባለጌ መባሉ ላይ ነው። ታላቁ ተከራይ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያደረጉት ከዚህ ልጅ ሥራ በምን እንደሚለይ ጠበቆቻቸው እንኳ ቢጠየቁ፣ ከዜሮዎቹ ብዛት በቀር የሚጠቅሱት ይኖር እንደሆነ ያጠራጥራል። የብልጡን ልጅ ዕቃ ጎረቤት ተሰብስቦ እያየው ይወጣል። አቶ መስክ ግን በጁላይ 2024 ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ቴክሳስ እንደሚያዛውሩ በገዛ መድረካቸው አስታውቀው፣ በሴፕቴምበር ከማርኬት ጎዳና ወጡ፤ «ቤት ልቀቅ» ያላቸው ሳይኖር እሳቸው የለቀቁ መስሎ ታየ።

ይህን ጽሑፍ አንብቦ የታላቁን ተከራይ ፈለግ ለመከተል ያሰበ ካለ፣ መጀመሪያ የ44 ቢሊዮን ዶላር ኩባንያ ይግዛ። እስከዚያው ግን ኪራዩን በባንክ ያስገባ፣ ደረሰኙንም አይጣል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው የሚጠይቁት እሱን ነው።