ቀጠሮ የማፍረስ ሥርዓት፦ ክሮንና ቅሬ በንጽጽር

ኮምፒዩተርን «ይህን በየወሩ ሥራ» ብሎ ትቶት መሄድ ብዙ ዕድሜ የለውም። ክሮን የተባለው ፕሮግራም በ1979 እ.ኤ.አ. ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር ወጣ፤ ብዙ ሰው የለመደውን ዝርያ ፖል ቪክሲ በ1987 ጻፈው። በወሎ ከመካነ ሰላም እስከ ማሻ ባለው ደጋ ግን ወር በ12 ሚካኤል፣ ወር በ21 ማርያም ሲዘከር የኖረው ማንም ሳያስታውሰው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞት ሲደርስ የሚረዳዳው ማኅበር፣ ቅሬ፣ አለ። ይህ ጥናት የሚመረምረው እንዲህ የተያዘ ቀጠሮ እንዴት እንደሚሰረዝ ነው።

ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት «ክሮንታብ» ብሎ ሰረዝና «ኤል» የጻፈ ቀጠሮዎቹን ያያል። «ኢ» የጻፈ ገብቶ ያርማል፤ አንዱን መስመር ብቻ ማጥፋት የሚፈልግም መንገዱ ይኸው ነው። «አር» የጻፈ ሁሉንም ያጠፋል። «ኢ» እና «አር» በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የዚህን ጉርብትና ጥቅም ጥናቱ ሊደርስበት አልቻለም። ማሽኑ «የምርህን ነው?» አይልም። እንዲል የፈለገ «አይ» የሚል ፊደል አስቀድሞ መጨመር አለበት፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው ግን ድሮም «አር»ን በስሕተት የሚነካ አይደለም። ከጥፋቱ በኋላ ዝርዝሩን ቢጠይቁት «ለዚህ ሰው ክሮንታብ የለም» ይላል፣ እንዳልነበረ ሁሉ።

በቅሬ በኩል ያለው አሠራር ረዘም ይላል። ልውጣ ያለ አባል ነገሩን ለቅሬው ዳኛ ያመለክታል።

«ማን አስቀየመህ?»

«ኧረ ማንም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ፣ ቡና ይፈላል።»

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጉዳዩ ገና አልተነሣም። በሳምንቱ ሽማግሌ ይላካል፤ ቀጥሎ የሚስቱ አጎት ይመጣሉ። በመጨረሻ የሚቀርበው ጥያቄ «አሁን አንተ ብትሞት ማን ያነሣሃል?» የሚል ነው። ዊንዶውስም ቀጠሮ ከመሰረዙ በፊት አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ጥያቄው የዚህን ያህል አይከብድም።

የጀመረን ሥራ በተመለከተ ሁለቱ ሥርዓቶች ይስማማሉ። መስመሩን ከክሮንታብ መሰረዝ በዚያች ደቂቃ እየሠራ ያለውን አያስቆምም፤ እሱን ለይቶ መግደል ያስፈልጋል። የሚካኤል ማኅበር ተረኛም ጠላው ከደረሰ በኋላ «ዘንድሮስ ይቅርብኝ» ቢል ሰው መምጣቱ አይቀርም።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ለብቻው ጥናት የሚሻ ነው። ኅዳር ሚካኤል አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 21፣ የካቲት ሚካኤል ፌብሩዋሪ 19 ስለሚውል፣ ወር በ12ን በአንድ ቁጥር ለክሮን ማስረዳት አይቻልም። የወሩ ቦታ ደግሞ ከ12 በላይ አይቀበልም። ስለዚህ ጳጉሜን 3 የሚውለው ሩፋኤል በራሱ ወር ቁጥር ክሮንታብ ሊገባ አይችልም፤ በመሆኑም በሰነፍ ጣት ከመጥፋት የተጠበቀ ብቸኛው ቀጠሮ ሳይሆን አይቀርም።

አልፎ አልፎ ሁሉን ተቋቁሞ ከቅሬ የሚወጣ ይገኛል። ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል። በማግሥቱ ከታች ሰፈር ሰው ሲሞት፣ ይኸው ሰው ከሁሉ ቀድሞ የድንኳን እንጨት ተሸክሞ ይታያል። ይህን ክስተት በኮምፒዩተር ላይ ደጋግመን ሞክረን ልናገኘው አልቻልንም።