ክፍቱን ዘግቶ መክፈት

ድልድዩ ተሠርቶ ካለቀ ሰንብቷል። የሰፈሩ ሰው ከነአህያው ሲመላለስበት ከርሟል፤ ባጃጆችም ታሪፍ አውጥተውለታል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ሁለት ወጣቶች መጥተው ከዳር እስከ ዳር ሪባን ይወጥሩና ሰዉ በወንዙ እንዲዞር ይደረጋል። ምነው ቢባል፣ ድልድዩ ሊከፈት ነው።

የክብር እንግዳው በሦስት ሰዓት ይመጣሉ ተብሎ አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። መቀሱን የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ በትሪ ይዛ ስትጠብቅ እጇ ዝሏል። መቀሱ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ስለት እንዳለው ግን እስካሁን የሞከረ የለም። እንግዳው ገና ሲያነሱት ከግራም ከቀኝም እጅ ይዘረጋል። መቀሱ ያልደረሰው የእንግዳውን ክንድ ይይዛል፤ ክንዱ ያልደረሰው ሪባኑን ጨበጥ ያደርጋል፤ ከኋላ የቀረው ምስኪን ቢያንስ አንገቱን ያሰግጋል። የሪባኑ ሳቲን ደግሞ ተንሸራታች ነው፤ መቀሱ ከመቁረጥ ይልቅ ያኝከዋል። እንግዳው ፈገግታቸውን ሳያጥፉ ይታገላሉ። ጭብጨባው ግን ሪባኑን አይጠብቅም፣ ቀድሞ ይጀምራል። በስንት መከራ ሲበጠስ ፎቶ አንሺው ከፊት ብቅ ይላል፦ «ክቡርነትዎ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይድገሙልኝ!» ሁለቱ ጫፎች ተገጣጥመው ይያዛሉ፤ የተቆረጠው እንደገና ይቆረጣል። ማታ በዜና የሚታየው ሁለተኛው ነው።

በድጋሚ መቁረጥ እኛ የፈጠርነው እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 19 ቀን 1932 የሲድኒ ወደብ ድልድይ ሲመረቅ፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃክ ላንግ ሪባኑን ሊቆርጡ ተዘጋጅተው ነበር። ፍራንሲስ ደ ግሩት የሚባል የቤት ዕቃ ነጋዴ የወታደር ልብሱን ለብሶ፣ በተዋሰው ፈረስ ከአጃቢዎቹ ጋር ተቀላቅሎ መጣና ሪባኑን በጎራዴ በጠሰው። ኒው ጋርድ የተባለ የቀኝ አክራሪዎች ማኅበር አባል ነበር፤ አባላቱ ላንግን አጥብቀው ይጠሏቸው ነበር። ፖሊስ ከፈረሱ አውርዶ ወሰደው፤ አእምሮውም ተመረመረ፣ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ሪባኑ ተቋጠረና ላንግ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆረጡት።

ደ ግሩት 5 ፓውንድ ተቀጣ። እኛ ዘንድ በዚያ ዋጋ ቢፈቀድ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከቆሙት ግማሾቹ ፈረስ ፍለጋ በወጡ ነበር።