የትዕግሥት ሻምፒዮና

በላባና በክር ዝንብ አስመስሎ ዓሣ ማጥመድ የእርጋታ ሥራ ነው ይባላል። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1653 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማጥመድን የአሰላሳይ ሰው መዝናኛ ብሎት ነበር። የሰው ልጅ ግን ሰላም ባገኘበት ቦታ ሁሉ የደረጃ ሰንጠረዥ ካልሰቀለ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ሉክሰምበርግ ላይ የዚሁ አጠማመድ የዓለም ሻምፒዮና ተጀመረ።

እናም አሰላሳዩ ሰው ዛሬ እስከ ጭኑ ወንዝ ገብቶ በሰዓት ያሰላስላል። የሚቆምበት የወንዝ ክፍል በዕጣ ይደርሰዋል፤ ዳር ላይ ዳኛ ቆሞ ይጠብቀዋል። ትራውት የተባለችው ዓሣ በመረብ ትወጣለች፣ በማስመሪያ ትለካለች፣ ትመዘገባለች፣ ከዚያ «ደኅና ሁኚ» ተብላ ወደ ውሃዋ ትሸኛለች። የማሸነፍ ዕድል የሌላት ብቸኛዋ ተሳታፊ እሷ ናት።

«ውድድር ጥበቡን አረከሰው» የሚሉ አሉ። እነሱው ግን ቼኮችና ፖላንዳውያን በውድድር ያስመሰከሩትን ዝንብን ከወንዙ ወለል አስጠግቶ የማጥመድ ስልት ሳያፍሩ ይጠቀሙበታል። ማታ ሲገናኙም የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ስንት ያዝክ?» ነው፤ ቀጥሎ ሁለት መዳፎች ይዘረጋሉ፣ ብርጭቆው በጨመረ ቁጥርም ይራራቃሉ።

ሻምፒዮናው ቢያንስ ማስመሪያ አለው።