ራስጌዋ በየት በኩል ነው?

ቮልሴ ጠዋት ጠዋት የምትሠራኝን ልንገራችሁ። ቁልፉን ሳዞር ትነሳለች። አዎ፣ ትነሳለች፤ ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነው። ጭራሽ የማትነሳ ብትሆን ተስፋዬን ቆርጬ ታክሲ እሳፈር ነበር። እሷ ግን ድድድ ብላ ትነሳና፣ ገና «ተመስገን» ብዬ ሳልጨርስ፣ ሁለቴ ታስልና ጭጭ። ከዚያ ወዲያ ሞተሪኖው ቢያጓራ፣ እኔ ብለማመጥ፣ ወይ ፍንክች!

ዕድሜዋን አልደብቅም፤ የ1972 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት፣ ባለ 1300። ከአባቴ ነው የወረስኳት። ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተው፣ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ በሙዚቃ ስትሸኝ፣ የኔዋ ሽሮ ሜዳ ላይ በሰው ትከሻ እየተገፋች ነበር።

ሽሮ ሜዳ ስላችሁ ስሙ አያታላችሁ። የኛ ግቢ ሜዳ የሚባል ነገር አያውቅም። እንጦጦ ሥር ዳገት ላይ የተለጠፈ ነው፤ ድንች ስትልጡ አንዷ ካመለጠቻችሁ የምትይዟት የግቢው በር ላይ ነው። እኔ ግን ቁልቁለቱን እንደ ጸጋ ቆጥሬዋለሁ። ማታ ስገባ በኋላ ማርሽ ወጥቼ አፍንጫዋን ወደ በሩ ቁልቁል አድርጌ አቆማታለሁ። ጠዋት ስትለግም የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ብቻ ነው። ሦስት የሰፈር ተማሪዎች ከኋላ ይገፋሉ፤ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ፣ መቶ ሜትር ያህል ስትንገጫገጭ ቆይታ ትነሳለች። ደመወዛቸው እስከ ትምህርት ቤት መድረስ ነው። ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልቀሩብኝም።

አገራችን የሐኪም እጥረት አለባት ይባላል። የቆመች መኪና ክዳኗን ከፍቶ ያየ ሰው ይህን አያምንም። ዘበኛችን «ባትሪ ነው» አለኝ። ገዛሁ። ድሮ ፊያት 600 የነበራቸው ጡረተኛ ጎረቤቴ «ፑንቲና ነው፤ ካልሆነም ቦቢና» አሉ። ሁለቱንም ቀየርኩ። አንድ ጎረምሳ ካንዴላዎቹን ፈትቶ የጠቆረ አፋቸውን አሳየኝና፣ ክፉ ዜና የያዘ ሰው እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ። አራት አዲስ ካንዴላ።

ጥቁረቱ እንኳ ለኛ ከተማ አሮጌ መኪና ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ግን የተለካው ለጀርመን አየር ነው። ቤንዚኑን እንደ ጀርመን ይቀዳል፣ አየሩን እንደ ሽሮ ሜዳ ይስባል። ወጡ ይወፍራል፣ ድስቱ ያርራል።

የፊት ለፊቷ እትዬ ምክር ደግሞ ሌላ ነበር። «እንጦጦ ማርያም ቅርብ ናት፤ ጠበል ብታስረጫት ምን ይጎዳሃል?» አሉኝ። ከተመከርኩት ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ ሳልሞክረው የቀረሁትም ይህን ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

ከዚያ የርግጫው ክርክር መጣ። የኔዋ ሶሌክስ ካርቡሬተር በብርድ ጊዜ የአየሩን መግቢያ የሚያጠብ ክዳን አላት። ክዳኑን የሚያዘው ጥምዝምዝ ስስ ብረት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያሞቀው ቀስ እያለ ይከፍተዋል። ክዳኑ ጠዋት ቦታውን እንዲይዝ ቁልፍ ከማዞር በፊት የቤንዚን መስጫውን አንዴ ረግጦ መልቀቅ ነው። አንዴ! ጡረተኛው ግን ሦስቴ ይላሉ፤ ባለቤቴ አትንካው ትላለች፤ ዘበኛው «እስኪሸት ድረስ» ይላል። እያንዳንዷ ርግጫ ወደ ጉሮሮዋ ቤንዚን ትረጫለች። በዘበኛው ሐሳብ የተመራሁ ቀን ግቢው ማደያ ማደያ ሸተተ፣ መኪናዋ ታፈነች፤ መስጫውን እስከ ወለሉ ተጭኜ ሞተሩን እያንቀሳቀስኩ ከጉሮሮዋ ላስወጣላት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በዚህ መሐል ዘበኛው ሲጋራውን ለኩሶ «ሸተተ?» እያለ ሲጠጋ እንዴት እንደጮህኩበት እኔና ሰፈሩ እናውቃለን።

በመጨረሻ ጋራዥ ወሰድኳት። የትኛው ጋራዥ እንደሆነ አልናገርም፤ ነገ ተመልሼ ልሄድ እችላለሁ። ልጆቹ የአየር ማጣሪያውን አነሡና ጉሮሮዋን በስልክ መብራት አዩ። አንዱ የቤንዚን መስጫውን በእጁ ቢስበው ጠብ የሚል የለም። «ካርቡሬተሩ ደርቋል፤ ቆሻሻ ዘግቶታል» ተባለ። አወረዱት፣ አጠቡት፣ በኮምፕሬሰር ነፉት። ሁለት ሌሊት እዚያ አደረች። በሁለቱም ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሳች፣ አልሞተችም። ከፍዬ ወሰድኳት። እኔ ቤት ባደረች በማግሥቱ ሁለቴ አስላ ጭጭ። መለስኳት፤ እነሱ ጋ ተነሳች። ወሰድኳት፤ ለገመች። ሦስት ጊዜ ታጠበች። በሦስተኛው አለቅየው ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «እርስዎ ጋ ስትሆን ነው የምትኮራው» አለኝ። በዚህች ንግግር ውስጥ መልሱ ሙሉ በሙሉ ነበረ። ሁለታችንም ሳቅን እንጂ አልሰማነውም።

ሙቀት ሲሆን ሌላ አመል እንዳላትም አልደብቅም። አንድ የሚያዝያ ቀትር ከፒያሳ በስድስት ኪሎ በኩል ስወጣ፣ መኪና በመኪና ላይ ተነባብሮ በአንደኛ ማርሽ ስንፏቀቅ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ አለፍ እንዳልኩ ቀጥ አለች። የቮልስ ቤንዚን ፖምፓ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው፤ ሞተሩ ሲግል ፖምፓውም ይግላል፣ ውስጡ ያለው ቤንዚን ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ፖምፓ ደግሞ ፈሳሽ ይገፋል እንጂ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም። ከፍታችን እዚህም ጣልቃ ይገባል፤ እዚህ ውኃ እንኳ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ ቤንዚኑም ለመፍላት ይቸኩላል። አንዲት የነጠላ ነጋዴ ከሱቋ ወጥታ አየችኝና የወለል መወልወያ ጨርቅ በውኃ ነክራ ሰጠችኝ። ፖምፓው ላይ ሳለብሰው ጭስስስ አለ። አሥር ደቂቃ ጠብቄ ቁልፉን ባዞር ተነሳች። እትዬን አስታወስኳቸው፤ ውኃው ጠበል ባይሆንም ነገራቸው ከንቱ አልነበረም። ይህ ግን የቀትር በሽታ ነው። የኔ ጣጣ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች በሆነበት ጠዋት ነበር፤ ማን ያፈላዋል?

እንዲህ ስንገላታ ነው ጡረተኛው ጎረቤቴ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዘውልኝ የመጡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቮልስ ሲፈቱ የኖሩ ናቸው አሉኝ። አንድ ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ በጋዜጣ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። መኪናዋን አልነኩም። በረንዳው ላይ ተቀመጡ፣ ቡና ቀረበላቸው፣ ሁለተኛውን ሲኒ ሲይዙ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ከተነሳች በኋላ ምን ያህል ትቆያለች?»

«አንድ ተመስገን ያህል፣ ጋሼ።»

«ግፋ ስትሏትስ?»

«መቶ ሜትር ተንገጫግጫ ትነሳለች።»

«እንግዲህ ስትነሳ ቤንዚን አላት፣ ስትሞት አልቆባት ነው። ካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ ያደረችውን ጠጥታ ትጨርስና የሚቀዳላት ታጣለች። በግፊ ስትሄድ ፖምፓው ረጅም መንገድ ስለሚሠራ ስቦ ያደርስላታል። ስለዚህ ባትሪውን፣ ካንዴላውን፣ ቦቢናውን ተዋቸው።»

«ገዝቻቸዋለሁ እኮ!»

«ይጥቀሙህ።»

ሲኒውን አስቀመጡ። ቀና ብለው መኪናዋን ሳይሆን ግቢውን አዩት፤ ከላይ እስከ በሩ።

«ስታድር ራስጌዋ በየት በኩል ነው?»

መጀመሪያ የቀለዱ መስሎኝ ነበር። «ቁልቁል፣ ወደ በሩ» አልኩ፤ በብልሃቴ ኮራ ብዬ።

«ስንት ሊትር ትቀዳላታለህ?»

እዚህ ላይ ድምፄ ቀነሰ። «አምስት አምስት…»

ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚን ጋኗ ከፊት ነው። 40 ሊትር ገደማ በሚይዘው ጋን ውስጥ አምስት ሊትር ጨምሬ አፍንጫዋን ቁልቁል ሳስተኛት፣ ቤንዚኑ ከፖምፓው በታች ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ ቱቦው ውስጥ የነበረው እየተንሸራተተ ወደ ጋኑ ይመለሳል። «ቤንዚኑም እንዳንተ ሲመሽ ቤቱ ይገባል» አሉኝ። የጋራዡ ግቢ ግን ሜዳ ነው።

ስለዚህ ጠዋት ስለማትነሳ ቁልቁል አስተኛታለሁ፤ ቁልቁል ስለማስተኛት ጠዋት አትነሳም። ዓመት ሙሉ።

«ግን እንዲሁ አይመለስም» አሉ ሽማግሌው። «ልጆች ለስላሳ ሲጠጡ ስትሮውን ሞልተው አፉን በጣት ሲዘጉት አይፈስም። ጣትህን ስታነሣ ነው የሚፈሰው። አንድ ቦታ ጣት ተነሥቷል።»

ወርደን የኋላ ክዳኗን ከፈትን። ከፖምፓው በፊት እንደ ብርሌ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ፊልትሮ አለ። ባዶ ነው። ይህን ባዶ ፊልትሮ በየጠዋቱ አየዋለሁ፤ ተፈጥሮው ይመስለኝ ነበር። ዘይት መለኪያውን መዘው አሸተቱት፤ የፖምፓው ሸራ ተቀዶ ቢሆን ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። አልሸተተም። ከዚያ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅለው አፉን የውኃ ላስቲክ ውስጥ ከተው፣ «አንቀሳቅስ» አሉኝ። ላስቲኩ ውስጥ መጀመሪያ እፍ እፍ የሚል ባዶ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ቡልቅ ቡልቅ የሚል አረፋ፣ በመጨረሻ ቤንዚን ፊጭ ፊጭ እያለ መጣ። «ፖምፓህ ደህና ነው። አየር ነው የምትመገበው።»

ቀጥሎ ያደረጉትን አልረሳውም። ከመኪናዋ ሆድ ወደ ፖምፓው የሚመጣውን ጎማ፣ በጨርቅ የተለበጠውን፣ ማሰሪያውን አላልተው በሁለት አውራ ጣት መሐል አጠፉት። ከላይ ሲያዩት ደህና ጎማ ነው። ሲታጠፍ ማሰሪያው ሥር፣ እንደ በጋ ተረከዝ፣ ፍንትው ብሎ ተሰነጠቀ። ቤንዚን ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይምጋል። ስለዚህ ማንም አላየውም፣ ማንም አላሸተተውም።

«ጋኑን ሞልተህ ሜዳ ላይ አቁመሃት ቢሆን ኖሮ ግን እዚህ የጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠብ ነበር» አሉ፤ አሁን አልሳቁም። «ስንት ቮልስ በዚህ ጎማ ምክንያት እንደተቃጠለ ታውቃለህ? አንተን ያዳነህ አምስት አምስት ሊትርህ ነው።» በድህነቴ እንዲህ ተመስግኜ አላውቅም።

ጎማውን ምን በላው ብዬ ጠየቅኩ። ዕድሜ አሉኝ፣ ሙቀት አሉኝ፤ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል ነበርና እሱም አግዞ ይሆናል። «የድሮ ጎማ አልኮል አይችልም። እኔም ካቆምኩ ቆየሁ» አሉና ግማሽ ሜትር አዲስ ጎማ ቆርጠው አሰሩልኝ። የከፈልኳቸው ከአንዱ ካንዴላ ዋጋ አይበልጥም። አዲሱን ባትሪ አልፈው ሲሄዱ ግን ዞር ብለው አዩት፤ ያቺ አስተያየት አሳመመችኝ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አንዴ ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። «ተመስገን» አልኩ። አልሞተችም። ደገምኩት። አሁንም አለች። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና «ማን ነው በጠዋቱ በመኪና የመጣብን?» ብላ ጮኸች።

በሩ ላይ ሦስቱ ተማሪዎች ቦርሳቸውን ከኋላ አጥብቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። መኪናዋ በራሷ እየተንቀሳቀሰች ስትመጣ መንገድ ለቀቁ። ትልቁ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየኝ።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «ነገም ትነሳለች?»